ህንዶቹን እዩ

ወንዳፍራሽ በሲያትል ሐበሻ ዘንድ በሁለት ነገር ይታወቅ ነበር፤ በጢሙና በህንዶቹ። ጢሙን ያሳደገው ራሱ ነው። ህንዶቹ ግን ከፍቅር ብዛት የሱ ያደረጋቸው ናቸው።

የሚሠራው ሶዶ በሚባል የሲያትል ሰፈር ባለ አንድ የዕቃ መጋዘን ነው። ቢሮው ውስጥ ሚስተር ኩሪያን የሚባሉ የደቡብ ህንድ፣ የኬረላ ሰው አሉ፤ በወጣትነታቸው ደብረ ማርቆስ ሂሳብ ያስተማሩ። ዕቃ የሚያመጣው ሾፌር ደግሞ ጉርዲፕ ነው፣ ባለ ጥምጣሙ የሰሜን ህንድ ፑንጃቢ። ሁለቱ ሲገናኙ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አጋጥመው አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ ምሳቸውንም ተካፍለው ይበላሉ። ወንዳፍራሽ ይህን ባየ ቁጥር ልቡ ይነካ ነበር።

ታዲያ የኢትዮጵያውያኑ ማኅበር ሲሰበሰብና አንድ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ወንዳፍራሽ ብድግ ይልና፣ "ህንዶቹን እዩ" ይላል። "ቋንቋቸው ስንትና ስንት ነው፤ ሃይማኖታቸው ስንትና ስንት ነው። ግን ሲከባበሩ፣ ሀገራቸውን ሲወዱ። እኛ ግን..." ከ"እኛ ግን" በኋላ የሚመጣውን ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው፣ ሰው ስልኩን መነካካት ይጀምራል። ባለቤቱ ተናኘ፣ "እነዚህ ህንዶች ደሞዝ ሊቆርጡልህ ይገባል" ትለዋለች።

ከሚሊኒየሙ በዓል በኋላ በሁለተኛው ክረምት፣ ማኅበሩ ስለ እንቁጣጣሽ ዝግጅት ተሰበሰበ። ካፒቶል ሂል ላይ ምግብ ቤት ያላቸው ረጋ ያሉት አቶ አክሊሉ አንድ ሐሳብ አመጡ። እንኳን አደረሳችሁ የሚባለው በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ በኦሮምኛም በትግርኛም በጉራጊኛም ይባል። የሚለው ሰው ደግሞ የቋንቋው ባለቤት አይሁን፤ ሌላው ተምሮ ይበለው።

"አቶ አክሊሉ፣ እንዲህማ ከሆነ እንኳን አደረሳችሁ ስንባባል ገና ይደርስብናል" አለ ወንዳፍራሽ። ሰው ሳቀ።

"ገናም ከደረሰ አብረን እናከብረዋለን" አሉ አክሊሉ። ሰው ይበልጥ ሳቀ።

ወንዳፍራሽን የከነከነው ይኸው ነው፤ የአክሊሉ ሳቅ ከሱ በለጠ። "እንግዲህ ስብሰባው ቀልድ ከሆነ" ብሎ ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። በዚያ ቀን ስለ ህንዶቹ ለመናገር እንኳ ጊዜ አላገኘም።

በሳምንቱ ሚስተር ኩሪያን ኮል አደረጉለት። የነጻነት በዓላችንን ልናከብር ነው፣ ለዝግጅቱ እኔ ቤት እንሰበሰባለን፣ ከባለቤትህ ጋር ናና ሻይ ጠጣ አሉት። ወንዳፍራሽ ክራቫት አሰረ። የሚስተር ኩሪያን ቤት ወዳለበት ወደ ሊንውድ እየነዳ፣ "መከባበር ማለት ምን እንደሆነ ዛሬ ታያለሽ" አላት ተናኘን።

መኪናውን ፓርክ አድርገው በሩ ጋ ሲደርሱ ጩኸት ሰሙ። ከፍቶ ያስገባቸው ሰው እንኳ ፊቱን ወደ ሳሎኑ አዙሮ እየተከራከረ ነው። እንግዶቹ ጥግ ላይ ተቀመጡ፤ ሻይም ተሰጣቸው።

ጉርዲፕ መሐል ቆሟል። "መድረኩ በሂንዲ ይመራ። የሀገር ቋንቋ ነው" ይላል።

"የማን ሀገር?" አሉ ሚስተር ኩሪያን። "እናቴ አንዲት የሂንዲ ቃል ሳትናገር ነው የሞተችው። ህንዳዊት አልነበረችም ልትለኝ ነው?"

ከዚያ ነገሩ ወደ ምግብ ዞረ። ሰሜኖቹ የደቡቦቹን ወጥ ውሃ ነው አሉ፤ ደቡቦቹ የሰሜኖቹን ወጥ ቅቤ ብቻ ነው አሉ። ጉርዲፕ በዚህ ላይ አንድ ነገር ሲጨምር የኩሪያን ትዕግሥት አለቀ። ጣታቸውን ቀስረው ጥርት ባለ አማርኛ፣ "ውጣ፤ አባትህን ይዘህ ና" አሉት። ከደብረ ማርቆስ ክፍል ይዘውት የመጡት አማርኛ ይኸው ነበር። ጉርዲፕ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ተናኘ ግን ሻይዋ ትን አላት።

ሳሏን ሲሰሙ ሽማግሌው ኩሪያን እንግዶቹን አስታወሱ፤ ፊታቸውም በራ።

"ይኸው፣ ኢትዮጵያውያኑ መጥተዋል። ስንት ጊዜ ነግሬአችኋለሁ? እዚያ ሀገር ሰው ለሰው ከመቀመጫው ይነሣል፤ የማያውቀውን እንኳ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላል። ቋንቋቸው ብዙ ነው፤ ግን እንደ እናንተ አይነታረኩም። ኢትዮጵያውያንን እዩ። እኛ ግን..."

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ስልኳን አወጣች። ተናኘ ባሏን አየችው፤ እሱ ምንጣፉን ያያል።

"ሶ፣ እናንተ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ እንዴት ነው የምታደርጉት?" ሲል ጉርዲፕ ጠየቀው። የምሩን ነበር።

ወንዳፍራሽ የሻይ ኩባያውን አስቀመጠ። እውነቱን ቢናገር ሀገሩን ሊያዋርድ ነው፤ ቢዋሽ ተናኘ አጠገቡ ናት። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ "እኛ በሁሉም ቋንቋ ነው እንኳን አደረሳችሁ የምንለው" አለ። "የሚለው ሰው ደግሞ የቋንቋው ባለቤት አይደለም። ሌላው ተምሮ ነው የሚለው።"

ኩሪያን ጉርዲፕን አዩት፤ ጉርዲፕም አያቸው።

ተናኘ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ "አቶ አክሊሉ መቼ ነው ጢም ያበቀሉት?" አለችው።

ህንዶቹ ግን ነገሩን ወደዱት። በበዓሉ ቀን ጉርዲፕ በኬረላዎቹ ቋንቋ ሰላምታ ሊሰጥ መድረክ ላይ ወጣና አንዱን ቃል ክፉኛ ሰበረው። ኬረላዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከፊት የነበሩ አንዲት አሮጊት እጁን ይዘው ቃሉን አቃኑለት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ደገመው። ሚስተር ኩሪያን በተራቸው የፑንጃቢውን ሰላምታ ተማሪ እንደሚጠራ አስተማሪ ጮኸው አሉት። ፑንጃቢዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ።

መከራው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስተር ኩሪያን፣ ማኅበራችሁን በአካል ማመስገን አለብኝ አሉ።

"ስብሰባው ሩቅ ነው፤ ፓርክ ማድረጊያም የለም" አለ ወንዳፍራሽ።

"በአውቶቡስ እመጣለሁ።"

መጡም። በስብሰባው ፊት ቆመው፣ የኢትዮጵያውያን ልማድ እንዴት እንዳስታረቃቸው፣ ይህንንም ያስተማራቸው አቶ ወንዳፍራሽ እንደሆነ ተናገሩ። ቤቱ በሙሉ ወደ ወንዳፍራሽ ዞረ። እሱ ደግሞ አቶ አክሊሉን ያያል። አንድ ቃል ቢናገሩ አለቀለት።

አክሊሉ ቀስ ብለው ተነሡ። "ሚስተር ኩሪያን፣ እንኳን ደህና መጡ" አሉ። "አቶ ወንዳፍራሽ በሚገባ ወክለውናል። ዘንድሮም እንደ ልማዳችን እናደርጋለን።" ይህን ብለው ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን ነክሶ አጨበጨበ።

ወንዳፍራሽ ደጅ ላይ ጠበቃቸው። "አቶ አክሊሉ፣ ለምን አላጋለጡኝም?"

"በእንግዳ ፊት? ደሞስ ሐሳቤን ሊንውድ ድረስ በነጻ ያደረሰልኝን ሰው ምን ልበለው?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ዕለት የተቆጣሁት ሳቅዎ ከኔ ስለበለጠ ነው።"

"አውቃለሁ" አሉ አክሊሉ። "እኔም ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ወንዳፍራሽ ተመልሶ ገባና ሰው ሳይበተን ሐሳቡ የማን እንደነበረ ተናገረ። ሁሉም ያውቁ ስለነበር ማንም አልደነቀውም፤ ሚስተር ኩሪያን ብቻ ጥቂት ግራ ገባቸው።

ለእንቁጣጣሽ ጉራጊኛው ለሱ ደረሰው። የተናኘ እናት ጉራጌ ናቸው፤ እሱ ግን በትዳር በቆየባቸው ዓመታት ሁሉ ለአማቱ ሰላም የሚለው በአማርኛ ነበር። ተናኘ መኪና ውስጥ አስጠናችው። ሲሳሳት ትስቃለች፤ ሲያኮርፍ ዝም ትላለች፤ ሲረጋጋ እንደገና ትጀምርለታለች።

በበዓሉ ቀን ማይክራፎኑን ይዞ ከዳር እስከ ዳር ተወጣው። ሲወርድ አንድ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጠበቁት።

"ልጄ፣ ከየትኛው ቤተ ጉራጌ ነህ?" አሉት።

"ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ አባባ።"

"ያስታውቃል" አሉና ግንባሩን ሳሙት።