በሰው አልጋ ላይ የተነሳሁት ፎቶ

ሰው አገር ለማየት ይሄዳል ይባላል። ምን አይቶ እንደሚመለስ አላውቅም፤ ጥሎት የሚሄደውን ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አሥራ አንድ ዓመት በሰው አገር የሆቴል ክፍል ሳጸዳ ያየሁትን ሁሉ ብናገር ምሳ የሚበላ አይገኝም። የእግሩን ጥፍር ቆርጦ ውሃ በሚጠጣበት ብርጭቆ የሚያጠራቅም አለ። ያኘከውን ማስቲካ ትራስ ላይ የሚለጥፍ አለ። ጫማውን በነጭ ፎጣ ወልውሎ ፎጣውን መልሶ አጣጥፎ የሚያስቀምጥም አለ፤ እሱ እንግዲህ ጨዋው ነው። ሻንጣቸውን ስታዩት የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ቤታቸው እንዲህ አያደርጉም። መንገድ የሚወጣ ሰው ኀፍረቱን ቤቱ ቆልፎበት የሚሄድ ይመስለኛል።

የእኔም ኀፍረት አለ። የመጣሁ ዓመት ነው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ትልቁን ክፍል አጽድቼ ስጨርስ፣ አንሶላው እንደ ወረቀት ተወጥሮ፣ ከተማው በመስኮቱ ሥር ተዘርግቶ ሳይ ሰይጣን አሳሳተኝ። ሽርጤን ፈታሁ፣ ሹራቤን ደረብኩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩና በስልኬ ራሴን አነሳሁ። ለታናሽ እህቴ ላክሁላት።

«ክፍልሽ ነው?» አለች።

«አዎ» አልኳት።

አንዲት ቃል ናት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው አንድ አንድ ፎቶ፤ አንዴ ከመስኮቱ ሥር፣ አንዴ ከሶፋው ላይ። እህቴ እያሳጠበች ሳሎኗ ውስጥ ሰቀለቻቸው። የምተኛው ግን ምድር ቤት ነው፤ ከሦስት ሴቶች ጋር፣ በተደራራቢ አልጋ፣ ታችኛው ላይ። የላይኛዋ በተገላበጠች ቁጥር የብረቱ ዝገት ፊቴ ላይ ይረግፋል። ያንን አንስቼ ለማንም ልኬ አላውቅም።

ባለፈው ወር እህቴ ደወለች።

«እትዬ፣ ደስ ይበልሽ! ሚጡ ልትመጣልሽ ነው።»

ሚጡ ልጇ ናት። ሚጡ እንላታለን እንጂ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ነርስነት ትማራለች፤ ሊያልቅላት ሁለት ወር ነው የቀራት።

«መጥታ ምን ልትሠራ?»

«ካንቺ ጋር ልትኖር ነዋ! ያ ሁሉ ክፍል ላንቺ ብቻ ምን ያደርግልሻል? ያንቺው ሆቴል ሰው እንደሚፈልግ ደላላው ነግሯታል። በወሩ መጨረሻ ትነሳለች።»

«ትምህርቷስ?»

«ትተወዋለቻ። ዕድል ቆሞ ይጠብቃል እንዴ?»

«ትጨርስ። አሁን ከመጣች እኔ አልቀበላትም።»

«ገባኝ» አለች። እህቴ ይህችን «ገባኝ» የምታወጣት ነገሩ ያልገባት ጊዜ ነው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ አንቺ ግን ጭራሽ ለሌላው አይቆረስም አልሽ። የእህትሽን ልጅ! ምቀኛ!»

ያን ጊዜ ነገርኳት። ክፍሉ የእኔ አይደለም፣ አጽጂ ነኝ፣ የሰው ሽንት ቤት ነው የማጥበው አልኳት። በሳቅ ፈነዳች።

«ልጄን ለማስቀረት ብለሽ ራስሽን ሽንት ቤት አጣቢ አደረግሽ? ወይ ክፋት!»

አሥራ አንድ ዓመት ስዋሽ አምናኛለች፤ አንድ ቀን እውነት ብናገር ውሸታም ሆንኩ። እኔም እልኸኛ ነኝ። እናታችን «ይህችን የሚመክራት ሰው ሳይሆን በቅሎ ነው፤ ቋንቋቸው አንድ ነው» ትለኝ ነበር። ወዲያው ለልጅቷ ደወልኩ።

«ነገ ጠዋት በቪዲዮ እደውልልሻለሁ። ሥራዬን ላሳይሽ።»

«ቢሮሽን ልታሳዪኝ ነው፣ አክስቴ?»

«አዎ፣ ቢሮዬን።»

በሥራ ሰዓት ስልክ ክልክል ነው። አለቃችንን «ወይዘሮ ጣት» እንላታለን፤ ቀኑን ሙሉ ቁምሳጥን ላይ ጣቷን እያስኬደች አቧራ ስለምትፈልግ። ካየችኝ ነገር እንደሚመጣ አውቄያለሁ። ቢሆንም በማግስቱ ደወልኩላት፤ ስልኩን ጋሪዬ ላይ በሶፍት ጥቅሎች መካከል አቆምኩትና ወደ መጀመሪያው ክፍል ገፋሁ።

የገላ መታጠቢያውን ማፍሰሻ ክዳን አነሳሁ። በሁለት ጣቴ ይዤ ብጎትት ብጎትት የማያልቅ ጸጉር ወጣ፤ የሳሙና አተላ ተጣብቆበት ግራጫ ሆኗል፣ የሞተ አይጥ ይመስላል። ስልኩ አጠገብ አመጣሁላት።

«ኧረ አክስቴ! ማነው ይሄን አድርጊ ያለሽ?»

«ደሞዜ።»

ሳቀች። የምቀልድ መስሏታል።

ሁለተኛው ክፍል የእጅ መታጠቢያው ውስጥ ሰው አስታውኮበታል። ፎጣ አልብሰውት ሄደዋል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ይመስል። ፎጣውን ስገልጠው ሽታው ዓይኔን አቃጠለኝ። የደፈነውን በእጄ እየዛቅኩ አወጣሁ።

«ጓንት የለሽም?» አለች።

«አለኝ። ሦስት ክፍል ሳይደርስ ይቀደዳል።»

ድምጿ ተለወጠ። ቀልድ አለመሆኑ ገብቷታል። ግን አገጯን ቀና አደረገች። «እኛም ለልምምድ ስንወጣ የበሽተኛ ትውከት እናጸዳለን እኮ። ከዚህ የባሰም አለ። እኔ እንደሆንኩ አልጸየፍም።»

እውነቷን ነው። ይህች ልጅ ቆሻሻ አትፈራም። ለካ እኔ ሞኟ በቆሻሻ ላስፈራራት ነበር የተነሳሁት። እጄን እየታጠብኩ፣ በቃ ልትመጣ ነው አልኩ በልቤ።

ሦስተኛው ክፍል ገብቼ፣ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ ተንበርክኬ የደረቀ ሽንት ስፈገፍግ በሩ ተከፈተ። እንግዳው ነው። ከዋና መመለሱ ነው፤ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል። በቋንቋቸው እንደምን አደሩ አልኩት። በራሴ ላይ አሻግሮ መስታወቱን አየ፣ ጸጉሩን አስተካከለ። ጋሪው ሁለት እርምጃ አይርቀውም። ፎጣውን ከአንገቱ አወጣና ትከሻዬ ላይ ጣለው። በንዴት አይደለም፤ ቢናደድማ ሰው መሆኔን ያውቃል ማለት ነው። ልክ መስቀያ ላይ እንደሚሰቀል ነው የሰቀለው። የረሳውን መነጽር ከጠረጴዛው አንስቶ እያፏጨ ወጣ።

ፎጣው እርጥብ ነው። ውሃው በአንገቴ ገብቶ በጀርባዬ ወረደ። አንስቼ ጋሪው ውስጥ ከተትኩትና ወደ ፍግፈጋዬ ተመለስኩ።

ቀና ብዬ ወደ ስልኩ አየሁ።

«ሚጡ? አለሽ?»

«ለምን ዝም አልሽው?»

«ምን ልበለው?»

«መልሰሽ አትወረውሪበትም? እኔ ብሆን ፊቱ ላይ ነበር የምለጥፍለት!»

«እኔም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ብዬ ነበር። እያደር ማለቱንም ተውኩት። አሁንማ ፎጣው ካልከበደኝ በቀር መጣሉንም አላውቀው።»

ይህን ስናገር የራሴን ድምፅ ሰማሁት። እንደ አየር ሁኔታ ነበር ያወራሁት። ከጸጉሩም ከትውከቱም ይልቅ ያቅለሸለሸኝ ያ ድምፅ ነው።

«አስጠላሽኝ» አለች ሚጡ። እያለቀሰች ነው። «ሰውየው አይደለም፤ አንቺ! እናቴ በስምሽ ስትምል፣ እኔ ላንቺ ብዬ ከጓደኞቼ ስጣላ... አንቺ እዚያ ተንበርክከሽ ትስቂብናለሽ!»

«አልሳቅኩም።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

ስልኩን ዘጋችብኝ። ቀና ስል ወይዘሮ ጣት በሩ ላይ ቆማለች፤ ጣቷ ወደ ስልኩ ተቀስሯል። ለሦስት ቀን ከሥራ አገደችኝ።

ሦስቱንም ቀን ምድር ቤት ተኝቼ ጣሪያው ላይ የወጣውን ሻጋታ ሳይ ከረምኩ። በሦስተኛው ቀን እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ታፍኗል፤ አልቅሳለች።

«ደላላውን አባረረችው» አለች። «ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እትዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ሳቅሽብኝ።»

አንድ ጊዜ አፍንጫዋን ጠረገች። «በቃ ነይ ወደ ቤትሽ» አለችኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ነይ ያለኝ ሰው አልነበረም። አንድም ቀን። ሲከፋኝ እቀየማቸው ነበር፤ ረሱኝ እል ነበር። እንዴትስ ይበሉኝ? እንደዚያ ያለ ክፍል ጥለሽ ነይ የሚል ዘመድ የት አለ? በገዛ እጄ ነው በሩን የዘጋሁት።

«እስቲ ሚጡ ትመረቅ፤ ከዚያ እናያለን» አልኳት። «እሷስ የት አለች?»

«ኮሌጅ ናት። ስምሽን አታንሱብኝ ብላለች።»

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በምሳ ሰዓት፣ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። ሰላምታ የለው፣ አክስቴ የለው።

«ሰኞ ፈተና እጀምራለሁ። እስክጨርስ እንዳትደውዪልኝ።»

አልደወልኩም።