ለክርስትና አባቴ ያልጻፍሁት ዝርዝር

ቁጣዬ በራሴ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሳላለሳልስ ነው የምናገረው።

ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ኃላፊ ነኝ። የገጠር ጤና ጣቢያዎች የሕመምተኛን የልብ ምርመራ ለሐኪሞቻችን የሚልኩት በእኛ መስመር ነው። ቡሬ ያለ አንድ ኮሌጅም ኢንተርኔት የሚያገኘው በእኛ በኩል ነው።

ኢንተርኔት ላይ መንገድ የሚታወቀው በመለፈፍ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት "እነዚህ አድራሻዎች የእኔ ናቸው" ብሎ ለጎረቤቱ ያስታውቃል፤ ጎረቤቱም አምኖ የሚላከውን ሁሉ ወደዚያ ይመራል። አንዱ ተሳስቶም ሆነ ሊሰርቅ ፈልጎ የሌላውን አድራሻ "የእኔ ነው" ቢል፣ የሚያግደው ከዚያ ጎረቤት የምንቀበለውን ለይቶ የያዘ ዝርዝር ነው። ለሁሉም ደንበኛ ጽፌያለሁ። ለቡሬው ኮሌጅ ብቻ አልጻፍሁም።

የኮሌጁ ኔትወርክ ኃላፊ ጋሽ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ የክርስትና አባቴ። ሥራውንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በእኛ አገር የክርስትና አባትን "ቃልዎን በምስክር ያጽኑ" የሚል ልጅ የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል እየሰማሁ አድጌ፣ ይሉኝታ ያዘኝ።

በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከቋሪት ገበዝ ማርያም ጤና ጣቢያ ነርስ ሀብትነሽ ደወለች።

"ይሄይስ የሚባል ገበሬ ደረቱን አሞት መጥቷል። ምርመራውን ብልክ ብልክ አይሄድም። የረጋ ደም የሚያቀልጠው መርፌ እጄ ላይ ነው፤ ዶክተር ምሥራቅ ሳያዩት ግን አልወጋም።"

የስልክ ኢንተርኔት በዚያ አካባቢ ከጠፋ ቆይቷል፤ ፎቶ አንስቶ መላክም አይቻልም። የልብ ሐኪማችን ዶክተር ምሥራቅ አጠገቤ ቆማ፣ "ሳላይ ካዘዝሁ መርፌው ራሱ ሊገድለው ይችላል" አለች።

መብራት አለ፤ መስመሩም ደህና ነው። ገመዱን ሁሉ ስነካካ ጊዜው ነጎደ። ወደ ቡሬ ማየት የመጨረሻ ሐሳቤ ነበር። ሳየው የሐኪሞቻችን አድራሻ ወደ ኮሌጁ ይመራል። ደወልሁ።

"ጋሼ፣ ዛሬ የነካካችሁት ነገር አለ?"

"አዲስ ራውተር ተክያለሁ፣ የኔ ልጅ።" ቁልፎች ሲነኩ ሰማሁ። "ውይ! አንድ ቁጥር ስቻለሁ። የእናንተን አድራሻ ነው የጻፍሁት። ዝጋው! ምን ትጠብቃለህ፣ ዝጋብኝ!"

ዘጋሁት። ምርመራው ወዲያው ደረሰ። ዶክተር ምሥራቅ አየችና መርፌውን አዘዘች። ከወዲያኛው ጫፍ የተሰማው የሀብትነሽ ልቅሶ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከጋሼ ጋር ለቅሶ ደረስን። የሟች ሚስት እትዬ ንግሥቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ነርሷ ሀብትነሽ የኔትወርኩ ሰዎች መሆናችንን ስትነግራት ቀና አለች።

"ኔትወርክ ጠፋ ነው ያሉን" አለች። "ዝናብስ ይጠፋ የለ? የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል።"

ጋሼ ሊናገሩ ሲሉ ቀደምኋቸው።

"አልጠፋም፣ እትዬ። የሰው ስሕተት ነው። ስሕተቱን የሚያግደውን ነገር መሥራት የኔ ድርሻ ነበር፤ አልሠራሁም።"

አየችኝ። በዚያ ዓይን ፊት መቆም ከበደኝ።

"ሥራው ከባድ ነው?"

"አይደለም።"

"ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"አሥር ደቂቃ።"

"ሳትሠራው ስንት ጊዜ ቆየህ?"

"ሦስት ዓመት።"

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

"ይሄይስ ኮ" አለች፣ "ጤና ጣቢያው የገባው በእግሩ ነበር።"