በኔ ስም

ደሴ ለመዛወር ያልረገጥኩት ቢሮ የለም። ልጄ ኤልሮኢ እዚያ ከእናቴ ጋር ናት፤ እኔ እዚህ አሰላ፣ ከአንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ጋር። አለቃዬ አቶ ጉቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የባሰውም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆኑ ተጣልቼ እገላገል ነበር። ሙቢና ያላንቺ መሥራት መቻሏን አሳዪኝና ዝውውሩን እፈርምልሻለሁ አሉኝ።

ሙቢና የሁሩታ ልጅ ናት፣ ዘንድሮ የተቀጠረች። የማስረክባት ለገበሬዎች ዘር የምናከፋፍልበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አንዱ ነክቶ ያበላሸዋል፤ ማን ነካው ሲባል ሁሉም እኔ አይደለሁም ይላል። ስለዚህ ጊት የሚባለውን ሶፍትዌር ልጭን ተነሳሁ። ማን ምን እንደቀየረ ይመዘግባል፣ ሲበላሽም ወደ ቀድሞው ይመልሳል።

መጫኑስ ቢሆን! ማውረድ ስጀምር ኔትወርክ ይሄዳል፤ ኔትወርክ ሲመጣ ደግሞ መብራት። ወገቤ ተቆረጠ። እንደምንም ተጫነና የተጠቃሚ ስም ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ በዚያ ስም ይመዘገባል። ኮምፒውተሩ የጋራ ስለሆነ በየስማችን እንግባ ብዬ አቶ ጉቱን ለመንኳቸው። እሳቸው እቴ! የመንግሥት ንብረት የሚወጣው በአንድ ሰው ስም ነው፣ ያንቺን አስገቢ አሉ። ወንበርና ጠረጴዛ እንደምንረከበው ነው የገባቸው። ለመከራከር ደክሞኝ ነበርና ወይንሸት ብዬ ስሜን አስገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን የሠራችው ሙቢና ናት። ሲሬ ወረዳ ያሉት ሠራተኞች ተበላሸብን ብለው ሲደውሉ እሷ ታስተካክላለች፣ እኔ ሻይ ይዤ አያለሁ። ከዓይን ያውጣት፣ ጎበዝ ናት። ለኤልሮኢም ለፋሲካ ጠቅልዬ እመጣለሁ አልኳት።

ደብዳቤው ሊፈረም ሲል አቶ ጉቱ እስቲ ሥራዋን አሳዪኝ አሉ። የጊትን መዝገብ ከፈትኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፤ ወይንሸት፣ ወይንሸት፣ ወይንሸት።

«ሙቢና የታለች?» አሉኝ።

አንድ ስም ይበቃል ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ አልኳቸው። ሙቢናም የሠራሁት እኔ ነኝ ብላ መሰከረች። በትዕግሥት አዳመጡን። ያለፈውን ስም ላስተካክለው እችላለሁ ስል ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ መዝገብ ልትደልዢ ነው ወይ አሉኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ በራሷ ስም ትሥራና እንየው። በጀት ዓመቱ ሲያልቅ እፈርምልሻለሁ።»

የሙቢናን ስም ለማስገባት አፍታም አልፈጀብኝ። እሷ አጠገቤ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ የማለቅስበት አቅም እንኳ አልነበረኝም።

ደጅ ወጥቼ ደሴ ደወልኩ። ኤልሮኢ አነሳችው። ለፋሲካ አልመጣም፣ ትንሽ ይቆያል አልኳት። ድሮ እንዲህ ስላት ስልኩን ጥላ ታለቅስ ነበር፤ እናቴ አባብላ ነበር የምትመልሳት። ዛሬም ለቅሶዋን እየጠበቅኩ ነበር።

«እሺ» አለችኝ፣ «እማዬን ልጥራልሽ?»

እማዬ የምትለው እናቴን ነው።