ታላቁ ሳይመጣ የተቆረሰው ዳቦ

በዚያ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ፕሮግራም በተገነባ ቁጥር የፕሮግራሙ ክፍሎች በሰው አምሳል መጥተው ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ የቀረበላቸውን ድፎ ዳቦ በልተው በእግራቸው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። በዚህ የሚገረም ሰው አልነበረም። ኢንጂነር የሺመቤትም ብትሆን የምትጨነቀው ዳቦው እንዳይደርቅ ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት የተቀመጡት የአንዲት የቆላ ከተማን ውሃ የሚያስተዳድሩ ወንድማማቾች ናቸው፤ ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው፣ የማጠራቀሚያውን ልክ የሚጠብቀው፣ አደጋ ሲመጣ የሚጮኸውም ታናሻቸው። የታላቃቸው ወንበር ባዶ ነው። ታላቁ የድረ ገጹ ክፍል ነው፤ ፕሮግራሙን ለሰው ዓይን የሚያቀርበው እርሱ ሲሆን፣ ከመምጣቱ በፊት ጓዙን ሁሉ ከኢንተርኔት መሰብሰብ አለበት። ኢንተርኔቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል። በግንባታው ደንብ መሠረት ታላቅ ሳይባርክና ሳይቆርስ ዳቦውን የሚነካ የለም።

ስልክ ጮኸ። የከተማይቱ የውሃ ባለሙያ አቶ ኑርሁሴን ነበሩ።

«እህቴ፣ ጉድጓዱ ሙሉ ነው። ፓምፑ ግን አዲሱን ፕሮግራም ካላገኘ አልነሣም ብሏል። ጤና ጣቢያው ውስጥ አራሶች ተኝተዋል፤ ልጆቻቸውን የምናጥብበት ጠብታ የለም።»

«ታላቅየው አልመጣም» አለች የሺመቤት።

«እሱ ደግሞ ምን ሊያደርግልን? የእኛ ፓምፕ እንኳን ድረ ገጽ፣ አምፖልም የለው!»

አጠገቧ የተቀመጠው ባልደረባዋ ልሳነወርቅ ሳቀ። «ድረ ገጹን እዚያ የሚጎበኘው ግመል ብቻ ነው» አለ። «ግመልም ቢሆን ኔትወርክ ይፈልጋል።»

የሺመቤት አልሳቀችም። ታላቅን «ብትፈልግ ና፣ ባትፈልግ ቅር» ማለት ባደገችበት ቤት ነውር ነው። አራሶቹን አሰበች። ከዚያም የግንባታውን ደንብ ከፍታ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ የድረ ገጹ ክፍል በተጠራ ጊዜ ብቻ ይገንባ፤ ካልተጠራ ሌሎቹ ሳይጠብቁት ይቀጥሉ።

ወንድማማቾቹ ተያዩ።

«ታዲያ ማን ይባርክ?» አለ ታናሹ።

«ያለው ይባርክ» አለችው የሺመቤት።

የፓምፑ ክፍል ተነሥቶ ባረከ፤ ዳቦውንም ቆረሰ። በሉ፤ ፍርፋሪውን ከልብሳቸው አራግፈው ወጡ። ጥቂት ቆይቶ አቶ ኑርሁሴን መልሰው ደወሉ። ከድምፃቸው በስተኋላ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሲንፎለፎል ይሰማል።

«አልሐምዱሊላህ! እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉና ስልኩን ወደ ቧንቧው አስጠጉላት። እርሷም አዳመጠች።

ታላቁ የመጣው ከዚህ በኋላ፣ ኢንተርኔቱ ሲመለስ ነው። ጓዙን እንደተሸከመ፣ እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሺመቤት ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉን፤ ሳንጠብቅዎ...»

«ወንድሞቼ በሉ?»

«በልተው ሄዱ።»

«ተመስገን!» አለና ጓዙን አወረደ። «ልጄ፣ ዘመኔን ሁሉ የሮጥሁት እነርሱ በእኔ ሰበብ ጦማቸውን እንዳያድሩ ነው። እረፍ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ስትፈልጉኝ ጥሩኝ፤ እመጣለሁ።»

ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ለጎብኚ የሚያሳየውን ፊቱን ከአገጩ ጀምሮ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አወለቀው፤ እንደ ነጠላ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ ወዲያውም ማንኮራፋት ጀመረ። የሺመቤት እንዳትቀሰቅሰው በእግሯ ጣት ጫፍ እየተራመደች ወጣች። ከበስተኋላዋ የታጠፈው ፊት ለባዶዎቹ ወንበሮች በለሆሳስ «እንኳን ደህና መጡ፣ እንኳን ደህና መጡ» ይል ነበር።