ከባዱ ማጫወቻ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ድምፅ ሲቀርፅ የኖረ ሰው ነው። ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉት ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ «ጋሽ ጆሮ» ሆነ። ስሙን ያገኘው በከንቱ አልነበረም። ዜና አንባቢዋን ጉንፋን ሊይዛት መሆኑን ከራሷ ቀድሞ ያውቃል። ኮሪደር ላይ ማን እንደሚሄድ በጫማው ኮቴ ይለያል። አለቃው እንኳ ሲመጣ «መጣላችሁ» የሚለው እሱ ነበር።

ካሉት ሲዲዎች ሁሉ አብልጦ የሚወደው ራሱ የቀረፀውን የአንድ ኅብረ ዝማሬ ሲዲ ነው። አራተኛው ዝማሬ ሊጀመር ሲል ከዘማሪዎቹ አንዱ ወረቀት ይገልጣል። ትንሽ ኮሽታ ናት፤ ሌላ ሰው ልብ አይላትም። አንድ ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት፣ አልመጣችም። ዲስኩን በለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተው። አሁንም የለችም።

«ይሄ ማጫወቻ አርጅቷል» አላት ሚስቱን።

ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ስኳር ስላለባት ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። በዚያ ሰሞን እሷ የታዘበችው ሌላ ነገር ነው። የበሩ ደወል ሲጮህ አይነሳም። ስታወራው ዓይኗን ትቶ ከንፈሯን ያያል። ዘመድ ስልክ ሲደውል «ምን ይንሾካሾካል» ብሎ ለሷ ያቀብላታል። አንድ ቀን ጆሮውን ቢታይ ምን እንደሚመስለው ቀስ ብላ ብትጠይቀው ሦስት ቀን አኮረፈ። ሰው ሁሉ በሚጠራበት ስሙ ላይ እንደ መትፋት ቆጠረው። ከዚያ ወዲያ አላነሳችበትም።

ማጫወቻውን ተሸክሞ ጥገና ቤት ሄደ። ጠጋኙ በቁመቱ ምክንያት «አንቴና» የሚባል ጎልማሳ ነው። ክዳኑን ከፍቶ የሌዘሩን ሌንስ ጠረገ፣ የራሱን ዲስክ ከቶ ሞከረ፣ ዕቃው ምንም እንዳልሆነ ነገረው። ጋሽ ጆሮ አላመነውም። በሳምንቱ አገር ሊለቅ ዕቃውን ከሚሸጥ አንድ መሐንዲስ ትልቅ ማጫወቻ ገዛ። ከአንቴና ጋር ለሁለት ተሸክመው ሲያስገቡት ሁለቱም ወገባቸውን ይዘው ቀሩ። ፊቱ ወፍራም ብረት ነው፤ የዲስኩ መሳቢያ ሲወጣ እንደ ባንክ ካዝና ቀስ ብሎ፣ ተኮፍሶ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እንደ ሰርግ ነበር። ሚስቱን አጠገቡ አስቀምጦ «ሰማሽ? ሰማሽ?» ይላታል። እሷም ደስ ስላለው ደስ አላት። ከሳምንት በኋላ ግን ብቻውን ሲቀመጥ ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ መሰለው። ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ሌላ ሳጥን አመጣ። እንደ ጣት የወፈሩ ገመዶች አመጣ። መንቀጥቀጥ እንዳይኖር ማጫወቻውን እብነ በረድ ላይ አስቀመጠ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረደ። እያንዳንዱ ነገር ሁለት ሦስት ቀን ያስደስተውና መልሶ ይከዳዋል። ሌሊት እንኳ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ በተጋረደው ጨለማ ሳሎን ውስጥ፣ ላብ እያጠመቀው አንዷን ዝማሬ ሃያ ጊዜ ይሰማል። መስማት ከተባለ።

በመጨረሻ ጥፋተኛው ኤሌክትሪኩ ሆነ። የፍሪጅ ሞተር መስመሩን እንደሚያበላሽ የሆነ ቦታ አንብቧል። ፍሪጁን ከወጥ ቤት አውጥቶ ጓሮ ያለው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከተተውና ገመድ ሳበለት። ሚስቱ ወተት ለመቅዳት ጓሮ መውጣት ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ ጠየቀች፤ ኋላ ግን ይሁንለት ብላ ተወችው። መድኃኒቷም ያለው እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ያም አልበቃውም። ጠዋት እሷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ፍሪጁን ከሶኬት ይነቅላል። ከሰዓት በኋላ ልትመጣ ስትል ይሰካል። ወሩ የሙቀት ወር ነው፤ ቆርቆሮ ክፍሉ በቀትር እንደ ምድጃ ይግላል። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ።

ወተቱ ይበላሽ ጀመር። ሚስቱ ፍሪጁን ጠርጥራ አንቴና እንዲያየው ጠየቀች። «እነግረዋለሁ» አላት። አልነገረውም። እሷ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠማት፣ ቀሚሷም ይሰፋት ጀመር። መድኃኒቱን ጨመር አድርጋ ትወጋለች፤ ለውጥ የለም። የሐኪም ቀጠሮዋ ቀርቧልና እስከዚያ ልቻለው አለች። እሱ ወተቱንና መድኃኒቱን አንድ ላይ አላሰባቸውም። ወይም ሊያስባቸው ሲል ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

አንድ ሐሙስ ሚስቱ ክፍል ውስጥ ራሷን አዞራትና ፈቃድ ጠይቃ በጠዋት ተመለሰች። በጓሮ በር ገባች፤ ሳሎኑ ከውስጥ ተቆልፎ ማጫወቻው ይጮሃል። በሩን ብትመታ አልከፈተላትም፤ ብርታት አጣችና ሄዳ መኝታ ቤት ተኛች።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንቴና የበየደውን ገመድ ይዞ መጣ። ዝማሬው አስፋልት ድረስ ይሰማል። ደወለ፣ አንኳኳ፣ ኋላ በጓሮ ዞረ። በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል ሲያልፍ የሰው ማቃሰት ሰማ።

በጓሮ በር ሮጦ ገባ፣ የሳሎኑን በር በትከሻው ገንጥሎ የማጫወቻውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለ። የጋሽ ጆሮ ዓይን ደም ለበሰ። አንቴና አፉን ይከፍታል ይዘጋል፤ ጋሽ ጆሮ ከንፈሩን ቢያይም ጨለማ ነውና ምንም አላገኘበትም። አንቴና ክንዱን ይዞ ጎተተው።

ሚስቱ በአልጋውና በበሩ መካከል ወለሉ ላይ ወድቃለች። ትንፋሿ ይፈጥናል፤ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። አንቴና አንስቷት ወጣ። ጋሽ ጆሮ ታክሲው ውስጥ ጫማዋን በእጁ ይዞ ነበር፤ መቼ እንዳነሳው አያውቅም።

ሆስፒታል ሐኪሟ መድኃኒቱ የት ይቀመጥ እንደነበር ጠየቀችው። አልሰማም። አንቴና ጆሮው ሥር ጮኾ ደገመለት።

«ፍሪጅ ውስጥ» አለ።

ሐኪሟ ሙቀት ያገኘው ኢንሱሊን ኃይሉን እንደሚያጣ ተናገረች። አንቴና ይህንንም ጮኾ ደገመ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሁሉ ሰሙ።

አራተኛው ቀን ላይ ሚስቱ ቀና ብላ መቀመጥ ቻለች። ታላቅ እህቷ አጠገቧ ናት። ጋሽ ጆሮ ሦስቱን ቀን ሊለው ያልቻለውን ተናገረ።

«ፍሪጁን እየነቀልኩት ነበር። ስትወጪ እነቅለዋለሁ፣ ስትመጪ እሰካዋለሁ።»

ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ ሊሰማት እንዲችል ቃሏን ለይታ ጠየቀችው።

«ወተቱ ሲበላሽ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲነቃነቅ አንድ ነገር እንዳለች ገባው።

«ምን አለች?»

 እህቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ስጠራህ ነበር ነው የምትልህ» አለችው። «ከአልጋ ወርጄ እየዳህኩ ስጠራህ ነበር።»

ሚስቱ ከሆስፒታል ስትወጣ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ጋሽ ጆሮ ልብሷን በሻንጣ አድርጎ ወሰደላት፤ የቱ የሥራ የቱ የቤት እንደሆነ ስለማያውቅ ሁሉንም ከተተው። ፍሪጁን ወደ ወጥ ቤት መለሰ፣ ብርድ ልብሶቹን ከመስኮት አወረደ። ከዚያ ጆሮውን ታየ። መርማሪው ውጤቱን በወረቀት ጻፈለት፦ ቀጫጭኖቹን ድምፆች ካጣ ዓመታት ሆኖታል፤ አሁን ደግሞ የሰው ንግግርም እየሄደ ነው። የማጫወቻ ጉዳይ ኖሮ አያውቅም።

የመስሚያ መሣሪያ ተሠራለት። ቤት እንደገባ ከባዱን ማጫወቻ ከፍቶ ሞከረ። ዝማሬው ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደሚበተን ነበር፤ ሦስት ደቂቃ አልቻለም። አንቴና ገዢ ይፈልግለት እንደሆነ ሲጠይቀው ጋሽ ጆሮ ዲስኩን አውጥቶ መሳቢያውን ዘጋው። ዕቃው አሁንም እብነ በረዱ ላይ ነው፤ አቧራ ጠጥቷል።

ማክሰኞና ቅዳሜ ወደ እህቷ ቤት ይሄዳል። መሣሪያውን ጆሮው ላይ አድርጎ ሳሎን ይቀመጣል። ሚስቱ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። አንዳንዴ ስለ ተማሪ ታወራዋለች፣ አንዳንዴ ቀና ሳትል ማረሟን ትቀጥላለች። ስኳሯ ተስተካክሏል፤ የቀኝ ዓይኗ ግን ፊደል ያደበዝዝባታል፤ ሐኪሞቹ ይመለስ እንደሆነ እርግጠኛ አይደሉም።

ባለፈው ቅዳሜ ቀይ እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ጠብቆ ጠየቃት።

«ቤት አትመጪም?»

«አላውቅም» አለችው። «ዛሬ ብትጠይቀኝ ገና አላውቅም።»

ሌላ ደብተር ሳበች። ከዓይኗ አቅርባ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ማንበብ ጀመረች። እሱ የመጨረሻው አውቶቡስ እስኪደርስ ድረስ ተቀመጠ።