የግራ ወገን

ሙንተሲር ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። እህቱ ኑርሀያት ከዱባይ የላከችለትን ሌንስ ከገጠመ ወዲህ ሥራው ደርቶለት ነበር። ጣጣው የመጣው በአብዱልመናን ሠርግ ነው።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ የሙሽራው እናት እትዬ መስኡዳ የቤተዘመዱን ትልቅ ፎቶ በብብታቸው ይዘው ገቡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ምን በድለንህ ነው አንተ ልጅ?»

ሙንተሲር ጎንበስ ብሎ አየ። በቀኝ የቆሙት የሙሽራዋ ዘመዶች ጥርት ብለው ወጥተዋል፤ የአጎቷ የሀሚዱ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል። በግራ ያሉት የሙሽራው ወገኖች ግን ጭጋግ የወረደባቸው ይመስላሉ።

«ይሄ ጆንያ እኔ ነኝ?» አሉ እትዬ መስኡዳ፣ ጣታቸውን ፎቶው ላይ ተክለው።

«ሻሹስ የእርስዎ ይመስላል።»

«ሀሚዱ ምን ቢልህ ነው እነሱን አጥርተህ እኛን ያደበዘዝከን?»

«ወላሂ ምንም አላለኝም! ሌንሱ ይሆናል።»

«ሌንስ ደግሞ ዘመድ ይለያል?»

ሙንተሲር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው መሀል አቁሞ ስለሚያነሳ ዳርና ዳሩን ልብ ብሎ አያውቅም። ሌንሱን ለመፈተሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት የሆነ ሰፊ ነገር አስፈለገው። ሐይቁ ዳር ለማድረቅ የሚሰቀለው የዓሣ መረብ ትዝ አለው። እትዬ መስኡዳም «አታታልለኝም» ብለው አብረውት ባጃጅ ውስጥ ገቡ።

የመረቡ ባለቤት ማህዲ ግራ ተጋባ። «ዓሣ እንኳ የለበት፣ ምኑን ነው የምታነሱት?»

ሙንተሲር አነሳው። በቀኝ በኩል የመረቡ ቋጠሮ ሁሉ ይታያል፤ ግራው ገንፎ ሆኗል። ከዚያ ካሜራውን ገልብጦ፣ ታችኛውን ወደ ላይ አድርጎ ደገመው። አሁን ገንፎ የሆነው ቀኙ ነው።

«ሱብሃነላህ!» አሉ እትዬ መስኡዳ። «የሀሚዱም ወገን ደበዘዘ!» ከሠርጉ ወዲህ የሳቁት ያኔ ነው።

«ሌንሱ ውስጥ ያለው መስታወት ሲገጠም ትንሽ ተዛንፏል» አለ ሙንተሲር። «ሌንሶች ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ዓይነት ካርቶን ቢወጡም ሁሉም እኩል አይደሉም።»

«አይፈትሹትም?»

«ይፈትሹታል። ይሄኛው አምልጧቸው ነው።»

«እንግዲያው እኔን ይቅጠሩኝ።»

ውጫሌ ከተማ ወንዱ የሚባል ፎቶ አንሺ ያንኑ ዓይነት ሌንስ ነበረው። ሙንተሲር ተውሶ መጣና እንደገና በመረቡ ሞከረው። እትዬ መስኡዳ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ፈልፍለው፣ «አልፏል!» ብለው ፈረዱ። ለሠርጉ የመጣው አብዱልመናን ወደ ሪያድ ሳይመለስ፣ ፎቶውን ለመድገም ሁሉም የሠርግ ልብሱን ለብሶ ሐይቁ ዳር ተጠራ።

ወሬው ግን ቀድሞ ደርሷል። ሀሚዱ ግራውን ከሩቁ አይቶ ቆመ።

«እዚያ ጋ የቆመ ይደበዝዛል አሉ።»

«ሌንሱ ተቀይሯል» አለ ሙንተሲር።

«እኔው ራሴ ፈትሼዋለሁ!» አሉ እትዬ መስኡዳ።

«ከፈተሹትማ ይቁሙበት።»

እትዬ መስኡዳ ግራውን አዩ፣ ሌንሱን አዩ። «እኔ አንዴ ደብዝዣለሁ፤ ይበቃኛል» አሉና ወደ ቀኝ ሄዱ። እሳቸውን ተከትሎ ሁሉም ቀኙን ወረረው። ሙሽራዋ ሱንዱስ በሁለት አክስቶች መሀል ተጣብቃ ፊቷ ብቻ ቀረ። ሙንተሲር ለምኖ ለምኖ ሲያቅተው እንደቆሙ ሊያነሳቸው ወሰነ። ልክ የካሜራውን ቁልፍ ሲጫን የማህዲ አህያ በግራ በኩል ገባች።

ፎቶው እንከን አልነበረውም። ሰዉ ሁሉ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ከሁሉም ይልቅ ሰፊውን ግራ ብቻዋን የያዘችው አህያ ደምቃለች፤ ጆሮዋ ላይ የተጣበቀው ጭድ ሳይቀር ይታያል። ሙንተሲር ሌላ ልድገም ቢል ሱንዱስ ስቃ ስቃ «ይሄንኑ ነው የምፈልገው» አለች።

ዛሬ ፎቶው እትዬ መስኡዳ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ ስለ አህያዋ ሲጠይቃቸው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «የሙሽራዋ ወገን ናት» ይላሉ።