የአንካሳው ጎሚስታ ታፔላ

ስድብ የሚኖረው ቃሉ ላይ ነው ብሎ ማን አስተማራችሁ?

እኩያዬ ኢብሮ ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጎማ ይለጥፋል። በልጅነቱ ከግመል ወድቆ ግራ እግሩ አጥሯል። ሥራ ሲጀምር ታፔላውን በገዛ እጁ በቀይ ቀለም ጻፈው፦ «አንካሳው ጎሚስታ»። ዛሬ ራቅ ብሎ ሮቢት ከተማ ላይ ጎማ የተነፈሰበት ሾፌር ሁሉ «አንካሳው ጋ ብቻ ልድረስ» ይላል። እንጀራው የተንጠለጠለው በዚያ ስም ላይ ነው።

ከትናንት በስቲያ ናትናኤል የሚባል የንግድ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ገና ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ቃሉ ጸያፍ ስለሆነ «የአካል ጉዳተኛው የጎማ ጥገና» ተብሎ ይቀየር፤ በሦስት ቀን ካልተቀየረ ሱቁ ይታሸጋል ይላል። የሞተሬን ጎማ እያስለጠፍኩ ነበርና ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«...ታፔላውን እንድታነሳ በጥብቅ እያሳሰብን...»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች ሚስቱ ሀጀራ። «እንድ ምን?»

«እንድታነሳ።»

«እንዲያነሱ አይልም?»

«አይልም።»

ወደ ባሏ ዞረች። «ሰሙ? አንተ ተባሉ! እኔ ሃያ ዓመት አብሬዎት ኖሬ፣ ስንጣላ እንኳ አንተ ብዬዎት አላውቅም!»

ኢብሮ መፍቻውን አስቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። «አብሽር ልጄ» አለው ናትናኤልን። «አንካሳ ያልኩት እኔው ነኝ። አንተ ያልከኝ ግን አንተ ነህ።»

«አባባ፣ ፎርሙ እንደዚያ ስለሆነ ነው» አለ ልጁ፣ ላቡን እየጠረገ።

ይሄኔ አንድ አይሱዙ እየተንገጫገጨ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «አንካሳው! የኋላው ተነፈሰብኝ፤ እባክዎ ይድረሱልኝ!»

«መጣሁ!» አለ ኢብሮ፤ ክሪኩን አንስቶ እያነከሰ ሄደ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። «ጆሮ አለህ? ሾፌሩ አንካሳ ብሎ አከበረው፤ አንተ ጉዳተኛ ብለህ አዋረድከው!»

ናትናኤል ደብዳቤውን አጣጠፈ። «ይስተካከላል» አለ። ትናንት አስተካክሎ አመጣው። የተስተካከለው ምን መሰላችሁ? «እንድታነሳ» የሚለው «እንዲያነሱ» ተብሏል። ሱቁ ይታሸጋል የሚለው እንዳለ ነው።

ቀነ ገደቡ ዛሬ ማታ ያልቃል። ሀጀራ ታፔላው ሥር ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች፤ ሁለት ሾፌሮችም አጠገቧ ቆመው ይቀልዳሉ። ማሸጊያ ይዘህ የምትመጣ ከሆነ፣ ናትናኤል፣ መጀመሪያ እዚህ አስፋልት ዳር፣ በሕዝብ ፊት ቆመህ መልስልን፦ በዚህ ቃል የተሰደበው ሰው ማነው? ስሙን ጥራ!